ተንሳፋፊው ክርን፦ የላይኛውና የታችኛው ክንድ ጥምር ስብራት በሕክምና ታሪክ ውስጥ

 

ሰው ከዛፍ ወይም ከጣሪያ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬትን ለመቀበል ይሞክራል። አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ በአንድ ቦታ ይበርድና አንድ አጥንት ብቻ ይሰበራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ኃይሉ በአንድ ስብራት አይበቃውም፤ ከክርን በታች ያሉትን አጥንቶች ሰብሮ ሽቅብ ያልፍና ከክርን በላይ ያለውንም ይሰብራል። ያን ጊዜ ክርን ከላይም ከታችም ድጋፉን ያጣል። ሐኪሞች ይህን ጉዳት «ተንሳፋፊ ክርን» ይሉታል። ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሰው ልጅ የተሰበረ ክንድ ማከም ከጀመረ አራት ሺሕ ዓመት ካለፈው፣ ይህ ጥምር ጉዳት የራሱን ስም ለማግኘት እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆየው ስለምንድን ነው? የስሙ መዘግየትስ በታካሚዎች ላይ ምን አስከተለ?

አስቀድሜ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ክንድ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። ሸማ የሚለካ ሰው ክንድ ሲል ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ያለውን ርዝመት ማለቱ ነው፤ በዕለት ንግግራችን ግን ከትከሻ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ክንድ እንላለን። ስለዚህ ለዛሬው ጉዳያችን ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን «የላይኛው ክንድ»፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለውን «የታችኛው ክንድ» እላለሁ። በላይኛው ያለው አንድ አጥንት ሁመረስ ይባላል፤ በታችኛው ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ራዲየስና አልና ይባላሉ። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥምሩ ስብራት የሁለት ስብራቶች ድምር ብቻ አይደለም። የታችኛው ክንድ ብቻ ሲሰበር፣ ሐኪሙ የላይኛውን ክንድ አጽንቶ ይዞ ከእጅ በኩል በመሳብ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። የላይኛው ብቻ ሲሰበር ደግሞ የታችኛውን ክንድ እንደ እጀታ ይዞ ይስባል። አበው ሁለት ባላ እንድንተክል የሚመክሩት አንዱ ቢሰበር በሌላው እንድንንጠለጠል ነው። በዚህ ጉዳት ግን ሁለቱም ባላዎች ተሰብረዋል፤ የሚያዝበት እጀታ የለም፤ የሚደገፍበት ምሰሶ የለም። አንዱን ለማቅናት ሲጎተት ሌላው ይናጋል። እብጠቱም ከሁለት ምንጭ ስለሚመጣ ከፍተኛ ይሆናል፤ በክርን ፊት ለፊት የሚያልፈው የደም ሥርና ነርቮቹም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንሻገር። የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብፅ ጽሑፍ የተገለበጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ገደማ ነው። ጽሑፉ 48 ጉዳቶችን ከራስ ጀምሮ ቁልቁል እየወረደ በቅደም ተከተል ያትታል። ጄምስ ሄንሪ ብሬስትድ በ1930 ተርጉሞ ካሳተመው ወዲህ ለሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ዋና ምንጭ ሆኗል። ከ36ኛው እስከ 38ኛው ያሉት ጉዳቶች ስለ ላይኛው ክንድ አጥንት ይናገራሉ። ባለሙያው ክንዱን በመሳብ ስብራቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ከዚያም ከበፍታ በተሠራ ድጋፍ ያስረዋል። እያንዳንዱን ጉዳት ከመረመረ በኋላም ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፦ የማክመው ነው፣ የምታገለው ነው፣ ወይም የማይታከም ነው። ቆዳው ሳይቀደድ የተሰበረ ክንድ ይታከማል፤ ቁስሉ ደም እያፈሰሰ እስከ ስብራቱ የዘለቀ ከሆነ ግን ፍርዱ የመጨረሻው ነው።

የምድር ውስጥ ማስረጃውም ከዚህ ጋር ይስማማል። ናጋ ኤድ-ዴር በተባለው የላይኛው ግብፅ መካነ መቃብር ከአምስተኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን የሆኑ ሁለት የተሰበሩ አካላት ከነማሰሪያቸው ተገኝተዋል። ግራፍተን ኤሊየት ስሚዝ ስለ እነርሱ በ1908 ጽፏል። አንደኛው የታፋ አጥንት ነው፤ ሁለተኛው የታችኛው ክንድ ሲሆን ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረው ቆዳውን ቀድደው ነበር። በቁስሉ ላይ የተደረገው የተክል ጭረት አሁንም የደም ምልክት ይዟል። አጥንቶቹ የመጠገን ምልክት ስለሌላቸው ታካሚው ብዙ እንዳልቆየ እንረዳለን። አንድ ሰው ያንን ክንድ በጥንቃቄ አስሮታል፤ ነገር ግን አላዳነውም። የሙያችን የመጀመሪያው ቁሳዊ ማስረጃ የስኬት ማስረጃ አለመሆኑን ለተማሪዎቼ ዘወትር አስታውሳለሁ።

ልብ በሉ፤ ፓፒረሱ የሚሄደው አካልን ክፍል በክፍል እየከፈለ ነው። ይህ አከፋፈል ለማስተማር ምቹ ቢሆንም አንድ ክፉ ልማድ አውርሶናል፤ ሐኪሙ አንድ ክፍል ላይ ሲደርስ ስብራቱን ካገኘ ፍለጋውን እዚያ ያቆማል።

የሂፖክራቲስ ስም የተጻፈበት «ስለ ስብራቶች» የተባለው ድርሳን የሚጀምረው በታችኛው ክንድ ነው። ጸሐፊው በዘመኑ የነበሩ አዋቂ ነን ባዮችን ይነቅፋል። ከነዚያ አንዱ የቀስተኛን አቋም ምክንያት በማድረግ የታካሚውን ክንድ ዘርግቶ ያስር ነበር። ጸሐፊው ግን ክንድ በዕረፍት ጊዜ በሚይዘው ተፈጥሯዊ ሁኔታ፣ ክርኑ ታጥፎ መታሰር እንዳለበት ይከራከራል። የታችኛው ክንድ በ30 ቀን ገደማ፣ የላይኛው በ40 ቀን ገደማ እንደሚጠና ይገምታል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስለ አስተሳሰር የሰጠው ትምህርት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስረው በጨርቅ ብቻ ነው። በማግስቱ በእጁ ጫፍ ላይ ትንሽና ለስላሳ እብጠት መታየት አለበት፤ እብጠቱ ከሌለ አልጠበቀም፣ እብጠቱ ትልቅና ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል። ማሰሪያው በየሦስት ቀኑ ይፈታል። ጠንካራው ድጋፍ የሚጨመረው እብጠቱ ከረገበ በኋላ፣ ሰባተኛውን ቀን አልፎ ነው።

በዚህ ድርሳን ውስጥ የጉዳያችን ማዕከላዊ ቅራኔ አስቀድሞ ተቀምጧል። አጥንት ጥብቅ አድርገህ ያዘኝ ይላል፤ ደም ግን ፍታኝ ይላል። የስብራት ሕክምና ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ሙግት ታሪክ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ሙግቱ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተባባሰ። የሆላንድ ጦር ሐኪም የነበረው አንቶኒየስ ማቲሰን በ1851 በጀሶ ዱቄት የተነሰነሰ ጨርቅ በውሃ እያራሰ መጠቅለል ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ስለ ዘዴው አሳተመ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ፒሮጎቭ ጀሶን በክራይሚያ ጦርነት በሰፊው ተጠቀመበት። ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠናል፤ ርካሽ ነው፤ ቁስለኛውን በጋሪ ለማጓጓዝ ያስችላል። ለአጥንት ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን እብጠት ሲመጣ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ጀሶ አይለጠጥም።

የዋጋውን መጠን የነገረን በሃለ ከተማ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ነው። በ1881 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ክንዳቸው በጥብቅ ከታሰረ በኋላ ጣቶቻቸው እንደ ጥፍር ታጥፈው የቀሩ ታካሚዎችን ገለጸ። ከዚያ በፊት ብዙዎች ይህን የነርቭ ሽባነት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ፎልክማን ግን ጡንቻው ደም አጥቶ በሰዓታት ውስጥ መሞቱንና የሞተው ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ መኮማተሩን አስረዳ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጥፋቱ ያለ ማሰሪያም ሊደርስ እንደሚችል ተገነዘቡ። የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ተከፋፍለው ስለሚገኙ፣ በሽፋኑ ውስጥ ደምና እብጠት ሲጠራቀም ግፊቱ ከፍ ይልና ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያፍናል። ዛሬ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም የምንለው ይህ ነው። ከላይ በክርን አጠገብ፣ ከታችም በሁለቱ አጥንቶች ላይ የተሰበረ ክንድ ለዚህ አደጋ እጅግ የተጋለጠ ነው። እንዲህ ያለውን ክንድ በክብ ጀሶ ማሰር ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። በአገራችን ዛሬም ቢሆን የተሰበረ ሰው፣ በተለይ በገጠር፣ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ያሻል፤ አጥንቱን በጣቱ እየዳሰሰ ያቀናል፤ በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ስንጥር ዙሪያውን ደግፎ ያስራል። እኛ በሆስፒታል የምናየው ሳይሳካ የቀረውን ብቻ ስለሆነ ፍርዳችን ያደላል። ሆኖም አስሮ የመጣው ክንድ ጠቁሮና ደርቆ ሲገኝ፣ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ፣ ዝም ማለት አይቻልም። ታሪክ የሚያስተምረን ግን ጥፋቱ የወጌሻ ብቻ አለመሆኑን ነው። ፎልክማን የገለጻቸው ጉዳቶች ዲፕሎማ ባላቸው እጆች፣ በአውሮፓ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ስሕተቱ አንድ ነው፤ ስብራቱ ትኩስ እያለ፣ እብጠቱ ገና ሳይመጣ፣ የማይለጠጥ ነገር ዙሪያውን ማሰር። መድኃኒቱም አንድ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ለወጌሻዎች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ በሆስፒታሉ የሚደረገውን የእጅና የእግር መቁረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። የሥልጠናው ቁም ነገር ለሂፖክራቲስ ዘመን ሰው እንግዳ ባልሆነበት ነበር።

ሙግቱን ለመፍታት ሦስት ነገሮች መምጣት ነበረባቸው፤ ማየት፣ መክፈትና ከውስጥ መያዝ።

የመክፈት መብት የመጣው ከጆሴፍ ሊስተር ነው። በነሐሴ 1865 በግላስጎ፣ የጋሪ ጎማ ሄዶበት እግሩ ተሰብሮ የቆሰለውን የ11 ዓመት ልጅ በካርቦሊክ አሲድ በራሰ ጨርቅ አክሞ ከነእግሩ አዳነው። ፓፒረሱ የማይታከም ብሎ የፈረደበት ዓይነት ቁስል ወደሚታከሙት ተራ ገባ።

ማየት የመጣው ከቪልሄልም ሮንትገን ነው። ኤክስሬይን ያገኘው በኅዳር 1895 ሲሆን ጥቂት ወራት ሳያልፉ ብርሃኑ ወደ ጦር ሆስፒታል ገባ። ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ክር አለው። በ1896 የጸደይ ወራት በኔፕልስ፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣሊያ ጦር ሐኪም፣ ኢትዮጵያን ሊወጉ ሄደው ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን የታችኛ ክንድ በኤክስሬይ ፈትሾ ጥይቶቹን ፈለገ። ኤክስሬይ ለጦር ሕክምና ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። የአድዋ ዘመን ዘመቻ በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ በክንድ አጥንቶች ላይ አሻራውን እንደተወ ብዙዎቻችን አናውቅም።

ሦስተኛው ከውስጥ መያዝ ነው። ቤልጂየማዊው አልቢን ላምቦት በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በብረትና በብሎን አጥንትን ማያያዝን ሥርዓት አስያዘ። ጀርመናዊው ማርቲን ኪርሽነር በ1909 ቀጫጭን የብረት ሽቦዎችን አስተዋወቀ። በ1948 ስዌንሰን የተባለ ሐኪም ቆዳ ሳይከፈት ሽቦ በማስገባት በልጆች ክርን አጠገብ ያለውን ስብራት የማጽናት ዘዴን ገለጸ። ሌላው ቤልጂየማዊ ሮበርት ዳኒስ በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አጥንት በጽኑ ከተያዘ ታካሚው ወዲያው መገጣጠሚያውን ማንቀሳቀስ እንደሚችል ተከራከረ። ከዳኒስ የተማረው ስዊዘርላንዳዊ ሞሪስ ሙለር ከባልንጀሮቹ ጋር በ1958 የውስጥ ማያያዣን የሚያጠና ማኅበር መሠረተ። ሙለር ከዚያ በፊት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀዶ ሐኪምነት ማገልገሉን እግረ መንገዴን ላስታውስ።

እንግዲህ መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ ነበር። የጎደለው ስም ነበር። በ1980 ስታኒትስኪና ሚኬሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ በአንድ ወገን የላይኛውና የታችኛው ክንዳቸው በአንድ ጊዜ ስለተሰበረ ሕፃናት ባወጡት ጽሑፍ «ተንሳፋፊ ክርን» የሚለውን ስም ሰጡ። ስሙ ከዚያ ወዲህ ለአዋቂዎችም ይሠራበታል። አዲስ ብረት አልፈለሰፉም፤ ይልቁንም ሁለት ስብራቶች ብለን የምንቆጥረውን አንድ ጉዳት ብለን እንድናይ አደረጉን። ስም ሲገኝ ማነጻጸር ተቻለ። በ1984 በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለቱንም ደረጃዎች በቀዶ ሕክምና ማጽናትን መከረ። በ2001 ደግሞ በአሜሪካ 16 ሕፃናትን የመረመረ ጥናት ወጣ። ከእነርሱ መካከል የታችኛው ክንዳቸው በክብ ጀሶ ከታሰረው 10 ልጆች ሁለቱ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ደረሰባቸው፤ አራቱ ደግሞ ምልክቱ ስለጀመራቸው ጀሶው ተቀደደላቸው ወይም ወለቀላቸው። ሁለቱም ደረጃዎች በሽቦ ከጸኑላቸው ስድስት ልጆች መካከል ግን አንዱም አልደረሰበትም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። አጥንቱ ከውስጥ ከተያዘ ከውጭ ማጥበቅ አያስፈልግም። የአጥንትና የደም ሙግት የተፈታው በዳኝነት ሳይሆን ተሟጋቾቹን በመለየት ነው።

አንድ የግል ትዝታ ለማንሣት ፍቀዱልኝ፤ ርእሱ ግድ ስለሚለኝ እንጂ ስለ ራሴ ለመናገር አይደለም። ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ፣ ከዋርካ ላይ የወደቀ የሰባት ዓመት ልጅ በሌሊት አመጡልኝ። ክርኑ አብጦና ተጣምሞ ስለነበር ዓይኔ ከዚያ አልተነሣም። ኤክስሬዩንም ያዘዝሁት ለክርኑ ብቻ ነው። ከክርኑ በላይ ያለውን ስብራት አገኘሁ፤ ደስ አለኝ፤ አሰርሁት። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ነርሷ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፤ ሁለቴም የሕመም ማስታገሻ አዘዝሁ። ማለዳ ላይ አንድ አንጋፋ መምህር ጉብኝት ሲያደርጉ የልጁን ጣቶች ቀስ ብለው ሊዘረጉ ሞከሩ፤ ልጁ ጮኸ። እርሳቸውም ማሰሪያውን በገዛ እጃቸው ፈትተው፣ እኔ ያልነካሁትን የእጅ አንጓ ዳሰሱ። ሁለቱም የታችኛ ክንድ አጥንቶች ተሰብረው ነበር። ልጁ በዚያው ጠዋት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እጁ ተረፈ። መምህሩ የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያገኘኸው ስብራት ያላገኘኸውን ሸፈነብህ።»

ያን ጊዜ በእጄ የሌለ መሣሪያ አልነበረም። ኤክስሬይ ነበረ፤ ጀሶ ነበረ፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ ነግራኝ ነበር። የጎደለኝ ጥምር ጉዳት እንዳለ ማሰብ ነበር። ታሪኩን ማንበብ የጀመርሁትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሕተቴ የእኔ ብቻ ሳይሆን የቆየ የአስተሳሰብ ልማድ ውርስ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። ይህን ማወቅ ጥፋቴን አያቀልልኝም፤ ተማሪዎቼን ከምን ማስጠንቀቅ እንዳለብኝ ግን ያሳየኛል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ይዛችሁ እንድትሄዱ እሻለሁ። አንደኛ፣ አንድ ስብራት ስታገኙ ከእርሱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ዳስሱ፤ በኤክስሬይም እዩ። ሁለተኛ፣ የታሰረ ክንድ ሕመሙ ከሄደ የማይቀንስ፣ ጣቱ ሲዘረጋ የሚብስ ከሆነ፣ ልጁም ማስታገሻ ደጋግሞ የሚሻና የሚቁነጠነጥ ከሆነ፣ ማሰሪያውን ፍቱ፤ ከዚያ ተወያዩ። የደም ምት መኖሩ አያዘናጋችሁ፤ ምት እያለም ጡንቻ ሊሞት ይችላልና። ሦስተኛ፣ ወጌሻን በንቀት አትመልከቱት። እርሱ የያዘው ጥያቄ እኛ ለብዙ ዘመን የያዝነው ነው፤ ልዩነቱ እኛ መልሱን መስማታችን ነው። የሰማነውን ማድረስ የእኛ ግዴታ ነው።

ከናጋ ኤድ-ዴሩ ክንድ እስከዚያ ልጅ ክንድ ድረስ አራት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ገደማ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን አጥንቱ አልተለወጠም፤ አወዳደቁም አልተለወጠም። የተለወጠው ክንዱን የሚይዘው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ነገ በእናንተ እጅ የሚወድቀው ክንድ ሁለቱንም ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሐኪም ይግጠመው፦ አጥንቱ ተይዟል ወይ? ደሙስ ይደርሳል ወይ?